አስገዳጅ ምክንያት

ሰኞ፣ ማርች 4
ለባለጉዳዮች ሦስት ማመልከቻ ጻፍኩ። ሁለቱ የመሬት፣ አንዱ ያው የጋብቻ ማረጋገጫ። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጬ ያቺን ዓረፍተ ነገር በታይፕ ስንቴ እንደመታኋት... "በአስገዳጅ ምክንያት የጋብቻ ውላችንን በጊዜው ማስመዝገብ ስላልቻልን።" ጣቴ ራሱ ያውቃታል። ባለጉዳይዋ ልጅ አዝላለች። ዕድሜዋን ሳልጠይቅ ጻፍኩላት።

ኢቶ ለምሳ አልመጣችም። የወንድሜ ልጅ ሰኞ ሰኞ ከትምህርት ቤት ወደ እኔ ነው የምትመጣው፣ የኔን ምስር ስለምትወድ። አባቷ ሞሓ ጋ ደወልኩ። ጉንፋን ይዟታል ብሎ ዘጋው። ወንድሜ መቼ ነው ስልክ ቶሎ የሚዘጋው?

ረቡዕ፣ ማርች 6
የኢቶን መምህርት መንገድ ላይ አገኘኋት። መጽሐፎቿን አባቷ መልሷል አለችኝ። ጉንፋን የያዘው ሰው መጽሐፍ ይመልሳል?

ዓርብ፣ ማርች 8
ከጁምዓ በኋላ ሳልጠራ እነሞሓ ቤት ለኩስኩስ ሄድኩ። በር የከፈተችው ኢቶ ናት። አላስነጠሰችም። እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። ሂና ነው፣ አይቼዋለሁ። ቁም ሳጥኑ ላይ በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለ ሾጣጣ ስኳር ተደርድሯል። ቆጠርኩት... አሥራ ሁለት። እኛ ዘንድ ይሄን ያህል ስኳር ቤት የሚገባው ወይ ለለቅሶ ነው ወይ ለሽምግልና።

"ማን ሞተ?" አልኩ።

"ማንም" አለ ሞሓ። "ፋቲሓ ብቻ ነው የተቀራው። ሠርጉ ሳምንት ሐሙስ ነው።" ሙሽራው የሐጃ ታሙ ልጅ ነው፣ ስፔን የሚሠራው።

ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው አልኩት። ሕጉ አሥራ ስምንት ይላል፣ ዳኛ ካልፈቀደ...

"ዳኛ ማን ጠየቀ? አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽን? ልጅ ሲወለድ ትጽፊልናለሽ።"

ኩስኩሱን ትቼ ተነሳሁ።

ቅዳሜ፣ ማርች 9
አስታወስኩት። ባለፈው ረመዳን፣ ሐሪራ ሾርባ እየጠጣን ነበር። ሕጉማ ቀላል ነው አልኩ፤ ፋቲሓ ቅሩና ያለ ወረቀት አጋቡ፣ ልጅ እስኪወለድ ጠብቁ፣ ከዚያ ወደ እኔ ኑ፣ ልጅ ያዘለችን የሚመልስ ዳኛ የለም። ሁሉም ሳቁ። ኢቶ ዳቦ እያቀረበች ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ሰኞ፣ ማርች 11
ሠርጉን እንዲያስቆሙ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሄድኩ። በሃያ ዓመት ሥራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ "አመልካች" በሚለው ቦታ ላይ የራሴን ስም መታሁ። የቢሮው ጸሐፊ አንብቦ መለሰልኝ። "እህቴ ረቂያ፣ ወረቀት ከሌለ ጋብቻ የለም። የሌለውን ነገር ምኑን ልከልክል?"

ፈገግ ብሏል። ለምን? የአጎቱ ልጅ ከሞሓ ጋር ነው የሚሠራው። አሁን ደውሎለት ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ማርች 12
ሐጃ ታሙ ቤት። ሻይ ቀረበልኝ፣ አልነካሁትም። ልጅዎ ሚስቱን ስፔን ለመውሰድ ወረቀት ያስፈልገዋል አልኳቸው፣ እኔ አልጽፍም። ሌላ ሰው ቢጽፍላችሁ ደግሞ ችሎት ቆሜ አስገዳጅ ምክንያት አልነበረም ብዬ እመሰክራለሁ።

"በገዛ ወንድምሽ ላይ?"

"በገዛ ወንድሜ ላይ።"

ያልነካሁትን ሻይ አነሱት። ተቀየሙ ወይስ እያሰሉ ነው?

ሐሙስ፣ ማርች 14
እነሐጃ ታሙ ስኳሩን መልሰው ወሰዱ፣ ሠርጉ ቀረ። ሞሓ ደወለ። "ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም።" ይሄን ስልክ ግን ቶሎ አልዘጋውም። ሳለቅስ ሲሰማ ቆየ።

ሰኞ፣ ማርች 25
አንድ ሰውዬ ልጅ ያዘለች ልጅ ይዞ መጣ። ያቺን የምታውቂያትን ጻፊልን አለ። አስገዳጁ ምክንያት ምን ነበር? ዕድሜዋስ? አልኩት። ተነስቶ ከጎኔ ወዳለው ጸሐፊ ሄደ። እዚያ ማንም አልጠየቀውም። ልጅቷ ዞር ብላ አየችኝ። ወረቀቱ እኮ ለሷም ያስፈልጋታል... ልክ ሠራሁ? አላውቅም።

ምሳ ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ። ኢቶ፣ ከነደብተር ቦርሳዋ። ምስር አቀረብኩላት። ልጁን ወዳው ነበር እንዴ? ወይስ አባቷ ሰላይ አድርጎ ላካት? ስትበላ ፊቷን አየሁ፣ ምንም አልገባኝም። ሂናው ለቋል።

ጨርሳ ከቦርሳዋ በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጣች።

"አንቺ የመጣሽ ዕለት አልጋ ሥር ደብቄው ነው፣ አክስቴ። አንድ ቢጎድል 'ከሠርጉ በፊት በሉት' ብለው ተቀይመው ይተዉኛል ብዬ።" ወረቀቱን መፍታት ጀመረች። "ማንም አልቆጠረውም።"

በዘነዘና ሰበርነው። ሻዩን እሷ አፈላች።