ጭምብሉ አፍንጫ ላይ ሲሆን

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ መጋቢት ፱

ለውዷ ታናሽ እህቴ ለሚጡ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ልጆቹስ፣ ባልሽስ? እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ አዲሱ ጥርሷ ልክ ገብቶላታል። ፊደል የለቀምሽው ከዕቃ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ነው እያልሽ ትስቂብኝ ስለነበር፣ ስህተት ካገኘሽ እንደ ልማድሽ ሳቂ።

መንጋጋሽ እንቅልፍ ነስቶሽ፣ ሐኪሙ በሚያስቅ ጋዝ አረጋግቶ ሊነቅልልሽ ቀጥሮሻል አሉ። «አንቺ እማዬን ይዘሽ ስለገባሽ ታውቂዋለሽ፤ ምን ይመስላል?» ብለሽ በደብዳቤሽ ጠይቀሽኛል። ዝቅ ብለሽ ደግሞ «እማዬ ስልኬን ለምን አታነሳም?» ብለሻል። የሁለቱም መልስ አንድ ቦታ ስለሆነ አብሬ እጽፍልሻለሁ።

ሆድሽን ሞልተሽ እንዳትሄጂ፤ ያቅለሸልሻል። ጉንፋን ከያዘሽ ቀጠሮውን አስለውጪ፤ ጋዙ የሚሳበው በአፍንጫ ስለሆነ የታፈነ አፍንጫ አይሆንም። አርግዘሽ ከሆነ ወይም ሳንባሽን የሚያምሽ ከሆነ ሳትደብቂ ተናገሪ። ትንሽ ጭምብል አፍንጫሽ ላይ ያደርጉልሻል። መጀመሪያ ጣቶችሽን ይነዝርሻል፣ ከዚያ ሰውነትሽ ይሞቃል፣ ከዚያ ምንም ነገር ግድ አይሰጥሽም። ድድሽን ግን በመርፌ ማደንዘዛቸው አይቀርም፤ ጋዙ ፍርሃቱን እንጂ ሕመሙን ሁሉ አይወስድም። ሲጨርሱ ንጹህ ኦክስጅን ያስተነፍሱሻል። ቸኩለሽ እንዳትነሺ፣ ራስሽን ያምሻል።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ አያስተኛም።

ሐኪሙ ሳይጀምር ለእማዬም ለእኔም ነግሮን ነበር። «እማማ፣ ይሄ እንቅልፍ አይደለም። ይሰማሉ፣ ስጠራዎት ይመልሱልኛል፤ ቅልል ብቻ ይልዎታል» አላት። እማዬም «እንግዲያው ልጄ ዘንድ ስደርስ እንዴት እንደምስቅ ከአሁኑ ልለማመዳ!» አለችው። የቀሩትን ስባሪ ጥርሶች አስነቅላ አፏን የምታሠራው ለምን እንደነበር ታውቂያለሽ። አንቺ ጋ መጥታ ስትኖር፣ በሰዎችሽ ፊት በባዶ ድዷ ስቃ እንዳታሳፍርሽ ነው።

መርፌው እስኪይዛት ሐኪሙ ወጣ ሲል ስልኬ ጠራ። አንቺ ነበርሽ። የእማዬን ቦርሳና ሹራብ ታቅፌ እጄ ስላልተመቸኝ፣ ድምፁን ከፍ አድርጌ ወንበሯ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት። «ተኛች እንዴ?» አልሽኝ። «ጭምብሉን አድርገውላታል» አልኩሽ። ውሸት አልነገርኩሽም።

ከዚያ ያልሽውን ምናልባት ረስተሽው ይሆናል።

«እሰይ፣ እንግዲያው ልንገርሽ። እባክሽ አንድ ምክንያት ፍጠሪና አስቀሪልኝ። ነይ ያልኳት እኮ ለወጉ ነው፤ እሺ ትላለች ብዬ መች አሰብኩ! ቀኑን ሙሉ ስታወራ፣ ስትንጎዳጎድ፣ ያ የአሮጊት ሽታዋ… እዚያው ካንቺ ጋ ትሙት። አንቺ እንደሁ ሌላ ምን ሥራ አለሽ?»

እማዬ ሳቀች። ሰምተሻታል፤ «በእንቅልፏም ትስቃለች እንዴ?» ብለሽ አብረሻት ሳቅሽ። የጋዙን መለኪያ የምትጠብቀው ነርስ አንገቷን ደፋች። ሐኪሙ ሲመለስ ስትስቅ አገኛትና «ጎበዝ እማማ!» አላት። እንባዋ ግን፣ ጋደም ብላ ስለነበር፣ በግራና በቀኝ ወደ ጆሮዎቿ ይወርድ ነበር። በእጅጌዬ ጠረግኩላት። ምንም ግድ አይሰጥም ያልኩሽ፣ ጭምብሉ እስኪነሳ ድረስ ብቻ ነው።

ኦክስጅኑን ስባ ስትጨርስ ራሷን ችላ ቆመች። ቤታችን በር ላይ ስንደርስ «ለመንገድ ያሰናዳሁትን ሻንጣ ከአልጋዬ ሥር አውጪና ልብሴን መልሺልኝ» አለችኝ። አሁን ብርድ ልብስ አስቀምጬበታለሁ።

አንቺ ስትደውዪ ጥርሷን ታወልቅና ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ትከተዋለች። «አፌ ባዶ ነው፣ ማውራት አልችልም በያት» ትለኛለች። እኔም እንዳለችኝ እልሻለሁ። ስልኩን ስዘጋው ጥርሷን መልሳ ታደርግና ከእኔ ጋ ስታወራ ታመሻለች። በፊት የምታወራኝ ስለ አንቺ ብቻ ነበር። አሁን ስለ እኔ ትጠይቀኛለች።

ይኸው ነው። እማዬ ሰላምታ አልላከችም።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ብቻሽን እንዳትገቢ፤ አጠገብ የሚሆን ሰው ያስፈልጋል። ባልሽ ከሥራ መቅረት ካልቻለ ለእኔ ደውይልኝ። እዚያ ያለችው ነርስ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ከራስሽ አጠገብ ታስቀምጠው። ጣቶችሽን እስኪነዝርሽ ድረስ እጠብቃለሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ብዬሽ ኖሬ፣ የምነግርሽ አላጣም።

ሕመሙን ያቅልልሽ፤ ጆሮሽንም ይጠብቅልሽ።

የምትወድሽ ታላቅ እህትሽ፣
ዝምተኛዋ