እሜቴ ውኃዋን የት ታደርሰው ነበር?

ውድ አባዬ፣

ከሁሉ በፊት ለእትዬ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እትዬ፣ አባዬ መነጽሬ ጠፋ ብሎ አንብቢልኝ ማለቱ አይቀርም፤ ስታነቢለት ታዲያ እንዳታሳጥሪ። "ሁሉም ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሃል" ብለሽ አጣጥፈሽ መሳቢያ ውስጥ ብትከቺው እንዳልታዘብሽ። አውቅሻለሁ፣ እህቴ ነሽ።

አባዬ፣ ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። የመኪናችንን የእሜቴን ስም ገና ስጠራ "በይ ካርድ አትጨርሺ፣ እናትሽን ሳሚልኝ" ብለህ ጆሮዬ ላይ ትዘጋዋለህ። ደብዳቤ እንደዚያ አይዘጋም። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወደ ቤትህ ተመለስ። ለአንድ ሳምንት ብሎ ልጁ ቤት የሄደ ሰው ሰባት ወር ሲከርም ምክንያቱ የማይገባን እንዳይመስልህ። "ሞተሩን የገደልኩት እኔ ነኝ፣ ዓይኔ የሙቀት መለኪያዋን ቀስት ሳያይ ቀርቶ ነው" ማለትህን እማዬ ነግራኛለች። ያን ሐሳብ እዚያ ጭንቅላትህ ውስጥ ያስቀመጥኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ያን ቀን ሁለታችንም አንረሳውም። ለሥራ ፈተና ልታደርሰኝ ዳገቱን ስንወጣ እሜቴ ከኮፈኗ ሥር እንፋሎት ተፋችና ቀጥ አለች። የኋላው መኪና ሁሉ ጡሩምባውን ያስጮኻል፣ ታክሲ የሚጠብቀው ሰልፈኛ አፉን ከፍቶ ያየናል። እኔ ደግሞ በአዲሱ ሸሚዜ አስፋልቱ መሃል ወርጄ "ዓይንህ ካላየ ለምን መሪ ትይዛለህ!" አልኩህ። ሰልፉ በሙሉ ሰማ። አንተ ቁልፉን ነቅለህ እጄ ላይ አስቀመጥክና ውኃ ፍለጋ ሄድክ። ፈተናውን በማግስቱ ሰጡኝ፣ አለፍኩም። ያ ሁሉ ጩኸት ለከንቱ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ አንድ ውሸት ልናዘዝ። "ሽጪያት" ባልከኝ ቁጥር እሺ ስልህ ኖሬያለሁ፤ አልሸጥኳትም። የሃያ ስምንት ዓመት እመቤት ማን ይሸጣል? ጠዋት ጠዋት ሞተሯ ሳይሞቅ ራዲያተሯን እሞላለሁ፣ ነድቻት ውዬ በማግስቱ ከፍቼ ሳይ ሁለት ሊትር ጎድሏል። ማታ ከሥሯ ካርቶን አነጠፍኩ፤ ሲነጋ ካርቶኑ ደረቅ ነው፣ አንዲት ጠብታ የለችበትም። እማዬ "ትጠጣዋለች እንዴ?" አለች። ከዚያ ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነልህ። አንዱ ውኃውን የሚያሳልፈውን ቴርሞስታት አውጥተሽ ጣዪው ይላል፣ አንዱ ራዲያተሩን ቀይሪ ይላል፣ ፎቅ ላይ ያሉት ጡረተኛ ደግሞ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታው ተሰንጥቋል፣ ነፍስ ይማር ብለሽ ተገላገዪ አሉኝ። እኔም የሁሉንም እየሰማሁ ውኃ ማጠጣቴን ቀጠልኩ። መካኒክ ዘንድ ያልወሰድኳት "በቃ ሞታለች" እንዳይለኝ ፈርቼ ነው።

ባለፈው ወር ግን ቆረጥኩና ቆይ-ቆይ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ያ ከቤታችን ጀርባ ያለው፣ ምን ብትጠይቀው "ቆይ" የሚለው መካኒክ። ሰውዬው አልተለወጠም። መጀመሪያ የዘይቱን መለኪያ ብረት መዞ አሸተተው፣ በጣቱም አሸው። ዘይቱ ወተት አልመሰለም፣ ስለዚህ ውኃ አልገባበትም። ጭስ ማውጫዋ ላይ እጁን ዘርግቶ ቆመ፤ ነጭ ጭስ የለም፣ ሞተሩ ውስጥ ውኃ አይቃጠልም ማለት ነው። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ጨመቃቸው። ቴርሞስታቱን ፈታና ውኃ የማፈላበት ዕቃ ስጪኝ አለኝ። የእማዬን የወተት ማፍያ ሮጬ አመጣሁለት (ይህቺን ለእማዬ በስልክ እንዳትነግራት)። ውኃው ሲሞቅ ቴርሞስታቱ እንደሚገባው ቀስ ብሎ አፉን ከፈተ። እሱም ደህና ነው። "ታዲያ ምኗን ነው ያመማት?" ስለው ምን እንዳለኝ አንተ ታውቃለህ።

ከዚያ ዳገቱን እንውጣ አለኝ። ያንኑ ዳገት። እኔ መሪ ያዝኩ፣ እሱ ከጎኔ ተቀምጦ ከሙቀት መለኪያዋ ላይ ዓይኑን አልነቅል አለ። ቀስቷ እስከ መሃል ወጣች፣ ከመሃል ትንሽ አለፈች። ከዚያ አባዬ፣ በዚህ ዓይኔ ያየሁትን ነው የምነግርህ፣ ቀስቷ ተመልሳ ወረደች። ቀዝቃዛው ጋ ሄዳ ተጋደመች። ተመስገን በረደች ብዬ ገና ሳልጨርስ ከኮፈኗ ሥር እንፋሎቱ ቡልቅ አለ። ዳር ይዤ አቆምኩ።

ቆይ-ቆይ በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር ያን ጊዜ አደረገ። "ቀስቷ የምትለካው ውኃ ሲነካት ነው" አለኝ። "ውኃው ከወረደ ቀዝቃዛ ነኝ ብላ ትዋሻለች።"

"ታዲያ ሹፌሩስ?" አልኩት።

"ሹፌሩ ምን ያድርግ? ያየው ያሳየችውን ነው።"

እዚያው መሪው ላይ ተደፍቼ ማልቀስ ጀመርኩ። ምስኪኑ ደነገጠ፤ "ቆይ፣ ቆይ፣ ብዙ ላያስወጣሽ ይችላል" ይለኛል። ስለ ብር የማለቅስ መስሎት ነው። እኔ የማስበው አንተን ነው። ያን ቀን ዓይንህ ምንም አልሳተም አባዬ፤ ቀስቷ ደህና ነኝ ብላህ ነበር፣ አንተም አይተሃት ነበር።

ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቀን ወደ ጋራዡ ተመለስን። ራዲያተሩ አፍ ላይ የእጅ ፓምፕ ገጥሞ አየር ሞላበት፤ የፓምፑ መለኪያ ሩብ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ አላለም፣ የሚያፈስ ነገር የለም ማለት ነው። ቀጥሎ የራዲያተሩን ክዳን ብቻውን ፓምፑ ላይ አሰረው። ገና ሁለቴ ሲነፋው ፊስ። ላስቲኩ ተሰነጣጥቋል፣ ሞላው ደክሟል። ለካ ያ ክዳን ግፊቱን አፍኖ መያዝ ሲያቅተው ውኃው ጊዜው ሳይደርስ ይፈላና በቀጭኗ ቱቦ ወደ መጠባበቂያው ዕቃ፣ ከዚያም ሞልቶ መንገድ ላይ ይፈስ ኖሯል። እየነዳሁ የሚፈሰውን እኔ ቤት ቁጭ ብዬ በካርቶን ልይዘው!

ክዳኑን ገልብጦ ሲያየው ግን ቆይ-ቆይ ሳቀ። እሱ ሲስቅ አይተህ ታውቃለህ? ጠርዙ ላይ በሞረድ የተቆረጠች ምልክት አለች፤ ምልክቷን ያደረገው ራሱ ነው። አምና ከሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ መኪና ላይ ፈትቶ፣ ይሄ አይሠራም፣ ጣለው ብሎ ለባለቤቱ የሰጠው ክዳን ነው። ታዲያ እኛ መኪና ላይ ምን ይሠራል?

ዳቦ ቤት ሄጄ ክዳኑን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥለት ሰውዬው ዱቄት በዱቄት እንደሆነ ክው አለ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈው። አዲስ ክዳን እገዛለሁ እያለ ያንኑ መልሶ ገጥሞ ሲያዘገይ፣ አንድ ጠዋት ለሆስፒታሉ ዳቦ ጭኖ ዳገቱ ላይ መኪናው ፈልታበት ቆሞ ነበር። አንተ ደረስክ። እስኪበርድ አብረኸው ጠብቀህ፣ የእሜቴን ደህና ክዳን ፈትተህ ለሱ ገጠምክለት፣ የሱን ድሪቶ ለራስህ። "እኔ ቀስ ብዬ እገባለሁ፣ አንተ በሽተኛ ይጠብቅሃል" አልከው። ነገ እመልሳለሁ አለህ፣ ነገ ወር ሆነ፣ እሱ ረሳው፣ አንተ ደግሞ መጠየቅ አፈርክ። የሱ መኪና ይኸው ከዚያ ወዲህ ፈልታ አታውቅም!

ስለዚህ አባዬ፣ ምርመራው ተጠናቋል። እሜቴን ያፈላት ዓይንህ አይደለም፣ ይሉኝታህ ነው። ለሱ ደግሞ መነጽር አይሠራለትም።

አዲስ ክዳን ተገዛላት፣ በቧንቧ ውኃ ፋንታም ደህና ማቀዝቀዣ ተሞላላት። ይኸው ሦስት ሳምንት ዳገቱን ስትመላለስበት ጠብታ አልጎደለባትም። እሑድ እኔና እማዬ ልንወስድህ እንመጣለን። ዳቦ ጋጋሪውም ካልመጣሁ ብሎ ምሏል፣ ከኋላ ወንበር ከነዳቦው ታገኘዋለህ።

እስከዚህ የጻፍኩትን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጋራዡ ደጃፍ ቆሜ፣ የወተት ማፍያዋን ብቻ ዘልዬ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ያዋረድኩህ በሰው ፊት ነውና ጓዳ ተደብቄ ይቅርታ ብልህ ይቆጭሃል ብዬ ነው። እማዬ ነበረች፣ ዳቦ ጋጋሪው ነበር፣ ፎቅ ላይ ያሉት ጡረተኛም ነበሩ፣ የታክሲው ሰልፍም ከመሰልቸቱ የተነሳ ጠጋ ብሎ ሰማኝ። ቆይ-ቆይ እጁን ጠርጎ እስከ መጨረሻው አደመጠ፤ አንድም ጊዜ ቆይ አላለኝም። ይቅር በለኝ አባዬ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ጨረስኩ ስል እማዬ እስክሪብቶውን ከእጄ ነጠቀችኝ። የምትከተለዋ መስመር የሷ ናት፦

እሑድ ጢምህን ተላጭተህ፣ ሻንጣህን ይዘህ ደጅ ጠብቅ፤ እኔ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ሰው አልጠብቅም።

በሰው ፊት ያሳፈረችህ፣
በሰው ፊት ይቅርታ የጠየቀችህ
ትንሿ ልጅህ