ኳስ ያስቆመው ቤት

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለወልደ ኪዳን፤ ድሬዳዋ።

ወንድምዓለሜ፣ እንደምን ከርመሃል? የቆላው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? በመስከረም ተመታሁ ያልኸው ቁርጭምጭሚትህ ሻረልህ ወይ? ምግብህስ፣ እንቅልፍህስ ደኅና ነው? ጾሙንስ ከልምምዱ ጋር እንዴት እያደረግኸው ነው? እናታችን ይህን የጾሙን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጻፊው ብላኛለች። አንድ ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ጻፍሁ ብያታለሁና አንተ ሦስቴ አንብበው። እኛ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን በሕይወት አለን። ዘንድሮ "በሕይወት አለን" የሚለውን እንደ ወትሮው ለወጉ ያህል አልጻፍሁትም፤ ስጽፈው እጄ ቆም ብሏል።

ደብዳቤው ከፈንጣጣ አገር የመጣ ነው ብለህ በጫፉ ይዘኸው እንደሆነ በሙሉ እጅህ ያዘው። በሽታው ከቢቸና ወጥቷል። ማረጋገጫው ከዚሁ ጋር ታጥፎ ተልኮልሃል።

በጥር የጻፍኸው ደርሶኛል። የፋብሪካችሁ ቡድን ለጥምቀት ሰሞን ቢቸና መጥቶ ሊጫወት ተሰናድቶ ሳለ፣ "አንድ ቤት በሽተኛ ደብቆ ተገኘ" ተብሎ ጉዞው እንደቀረ፣ አንተም ከስድስት ዓመት በኋላ አገርህን ልታይ ያሠርኸውን ሻንጣ መልሰህ እንደፈታህ ነግረኸኛል። ያ ቤት የማን እንደሆነ ጻፊልኝ ብለሃል። ያ ቤት የእኛ ነው። የደበቅሁት እኔ ነኝ። የተደበቀችውም አንተ ስትሄድ ገና ትድህ የነበረችው ልጄ ባንቺዓለም ናት። እናታችንን አትጠርጥራት፤ እሷ ተናገሪ፣ ተናገሪ ስትለኝ ነበር። ይህን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። ፈንጣጣ በገበያ ቀን ገባና እስከ ሞጣ ድረስ መንደር ለመንደር ሄደ። ከጤና ጥበቃ የተላከልን አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል የአርሲ ሰው፣ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ሰው የሚሰበሰብበትን ሁሉ አስቆመ። ተዝካሩም ማኅበሩም ቀረ፤ ለዚህስ ሰው አጉረምርሞ ዝም አለ። ኳሱ ሲቆም ግን ከተማው አኮረፈ። የቢቸናና የሞጣ ጨዋታ ምን እንደሆነ አንተ ታውቀዋለህ፤ ደመወዝ የሚከፈልህ ተጫዋች ያደረገህ እሱ ነው። በኅዳር የመጨረሻው በሽተኛ ሲድን አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ በሜዳው ዳር ጥቁር ሰሌዳ አቆመና በጠመኔ "አንድ" ብሎ ጻፈ። አዲስ በሽተኛ ሳይገኝ አርባ ሁለት ቀን ከተቆጠረ ኳስ ይመለሳል፣ የእናንተም ቡድን ይመጣል ተባለ። ከዚያ ወዲያ ሰው ጧት ተነሥቶ መጀመሪያ የሚያየው ሰሌዳውን ሆነ።

ከሰሌዳው አጠገብ ደግሞ ማስታወቂያ ተለጠፈ። "ያልተከተበ ሰው ወደ ኳስ ሜዳው አይገባም፤ ሕዝቡ ሁሉ ቅዳሜ ቀርቦ ይከተብ" ይላል። ማን ያንብብልን ሲባል መሪጌታ አካለ ወልድ ተጠሩ። እንግዲህ እሳቸው የቅኔ መምህር ናቸው፤ "ከተበ" ማለት በግዕዙ "ጻፈ" ማለት ነው። ያልተጻፈ አይገባም፤ ስማችሁን በመዝገብ አስገቡ ነው የሚለው ብለው ፈቱልን። ይህን መሬታችሁ ይለካ ተብሎ ከተነሣው የግብር ጠብ በአራተኛው ዓመት፣ ቁስሉ ሳይደርቅ፣ ለቢቸና ሰው ንገረው። ኳስ ለሚያይ ሰው ስሙ ምን ያደርጋል፣ ይህ የመሬት ነገር ነው ተባለ። ቅዳሜ ሲነጋ ከተማው ባዶ ሆነ። እኔም ባንቺዓለምን አዝዬ ቆላ ወዳሉት የአባቷ ዘመዶች ወረድሁ። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ መርፌውን ይዞ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ከፖሊሶቹና ከአስተማሪዎቹ በቀር የመጣለት የለም አሉ።

ስሕተቱ በሳምንቱ ታወቀ። መሪጌታ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ቆመው፣ ዕድሜዬን ሁሉ ሰምና ወርቅ ሳስለይ ኖሬ በአንድ ማስታወቂያ ተሸነፍሁ፤ መርፌ ነው ያለው፣ እኔ ብዕር መሰለኝ አሉ። ከዚያ ኩታቸውን ገልጠው ክንዳቸውን በሕዝብ ፊት ለአቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ሰጡ። እኒያ ተማሪ ቀና ብሎ ፊታቸውን የማያያቸው ሰው ናቸው። ሰው እየሳቀም እያፈረም ተሰልፎ ተከተበ፤ እኔም ተከተብሁ። ባንቺዓለምን ግን ወደ ሰልፉ አላመጣኋትም። ቆላ ሳለች ከታመመ ልጅ ጋር ስትጫወት ሰንብታ ነበር፤ ያን ዕለት ትኩሳቷ እንደ ምድጃ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሽፍታው ወጣ። ሰሌዳው ሃያ ሁለት ይላል። ሃያ ቀን ብደብቃት ወንድሜ ይመጣል፣ ብናገር ይቀራል፤ ያሰብሁት ይህንኑ ነው፣ ከዚህ የተሻለ ሰበብ የለኝም። ጓዳ አስገብቼ ለጎረቤት፣ መርጡለ ማርያም ወዳለችው ክርስትና እናቷ ዘንድ ሄዳለች አልሁ። እናታችን ልጅ ሆና ፈንጣጣ የወጣላት ስለሆነች ታስታምማት ነበር። እኔ በነጠላ ጫፍ ካልሆነ ልነካት ፈርቼ ነበር፤ የራሴን ልጅ።

አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ የታመመ ሕፃን ሥዕል ያለበት ካርቶን ይዞ በየቤቱ ይዞር ነበር። በሠላሳ አንደኛው ቀን ከእኛ ደጅ ደረሰ። ይህን የመሰለ አይተሻል ወይ ብሎ ሥዕሉን ሲያሳየኝ አፌ የለም ሊል ተከፈተ፣ እጄ ግን ወደ ጓዳው ጠቆመ። አልተቆጣም። ገብቶ ከመደቡ ተቀመጠና ያን የቆሰለ እጇን በባዶ እጁ ያዘው፣ ስሟንም ጠየቃት። እኔ ዘጠኝ ቀን ያልነካሁትን እጅ። ያን ጊዜ ያለቀስሁትን ለቅሶ ዕድሜዬን ሙሉ አልቅሼ አላውቅም። ይህ ነገር ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ቫይረስ ይባላል፣ ሺህ ቢሰበሰብ በመርፌ ጫፍ ላይ አይታይም አለኝ። ወንድምዓለሜ፣ ይህን እስከ ዛሬ አወጣዋለሁ፣ አወርደዋለሁ። ዓይን የማያየው ነገር ሁለት ከተማ ዘግቶ፣ ዓባይንና አዋሽን ተሻግሮ ድሬዳዋ ላይ ያንተን ሻንጣ አስፈታ።

ከሰሌዳው ላይ ሠላሳ አንዱ ተጠረገ። የባንቺዓለም የመጨረሻው ቅርፊት እስኪረግፍ ባዶውን ከርሞ በጥር እንደገና ከአንድ ተጀመረ። ቤታችን ተዘጋ፤ ከእኛ የሚወጣ፣ ወደ እኛ የሚገባ የለም ተባለ። ከዛሬ ነገ ድንጋይ ከጣራችን ላይ ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ በማግሥቱ ጧት ከአጥሩ ውጭ ኮቴ ሰማሁ። በቀዳዳ ባይ ስማቸው የሚባለው የቡድናችን አምበል ነው፤ እንስራ አዝሏል። በአገራችን ወንድ ውኃ ቀድቶ፣ ያውም እንስራ አዝሎ በገበያ መካከል ሲያልፍ አይተህ ታውቃለህ? ሴቶቹ ከየደጁ ወጥተው አፋቸውን በነጠላ ይዘው ያዩታል አሉ። ውኃውን ከአጥሩ ሥር አኖረና ራቅ ብሎ ቆሞ፣ እት አገሬ፣ ልጅቱ እንዴት አደረች አለኝ። ስለ ኳሱ አንድ ቃል አልተናገረም። በማግሥቱ በረኛው መጣ፣ ከዚያ ሌላው፤ አሥራ አንዱም ቤቱ እስኪከፈት በተራ ቀዱልን። እኔ የነሣኋቸውን እነሱ ያውቃሉ። ለዚህ ነገር ስም ላገኝለት አልቻልሁም።

ኳስ የተመለሰው ባለፈው የምኩራብ እሑድ ነው። ከሞጣ በጭነት መኪናና በእግር የመጣው ሰው ሜዳውን ሞልቶ ዛፉ ላይ ወጣ። እንደዚያ ያለ ሕዝብ ከንግሥ በቀር አይቼ አላውቅም። መግቢያው ላይ ገመድ ተወጥሯል። እያንዳንዱ ሰው፣ ባላባቱም ገበሬውም፣ የሞጣውም የቢቸናውም፣ ግራ ክንዱን እየገለጠ ያልፋል። ጠባሳውን የሚያዩት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? መሪጌታ አካለ ወልድ ናቸው፤ ያጠፋሁትን ቃል ራሴ ላንብበው ብለው ለምነው ነው አሉ። ፈንጣጣ ወጥቶለት የዳነ ፊቱ ስለሚመሰክርለት ክንዱን አይጠየቅም። እናታችን ፊቷን ቀና አድርጋ አለፈች። ባንቺዓለምን በነጠላዬ ሸፍኜ ስደርስ መሪጌታ ነጠላውን በጣታቸው ገለጥ አድርገው አዩዋት። ሰባት ዓመቷ ነው። ጥምጥማቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ይለፉ፣ እመቤቴ" አሏት።

ውስጥ ከገባን በኋላ ሰው ያያታል፣ ልጆች ይሸሿታል ብዬ እንደገና ልሸፍናት ስታገል ፊሽካው ተነፋ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የተሰማው ኳሷ ስትመታ ያወጣችው ድምፅ ብቻ ነበር፤ ከአራት ወር በላይ ያልሰማነው ድምፅ። አጠገቤ የቆሙት የሞጣ ሽማግሌ እንባቸውን በእጃቸው መዳፍ ሲጠርጉ አየሁ። ባንቺዓለም ነጠላውን ከራሷ ላይ ገፍፋ ጥላ ወደ ፊት ተሽሎከለከች። ወደ እሷ የዞረ አንድም ሰው የለም፤ ሁሉም ኳሷን ነው የሚያየው። ሞጣ ሁለት ለአንድ አሸነፈን። አንተ ብትኖር ኖሮ ባልተሸነፍን፣ ግን ማንም አልተቆጨም፤ ያሸነፉንን በእልልታ ሸኘናቸው።

አሁን ወረቀቱን ለቡድን መሪህ አሳየው። አቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ፈርሞበታል፣ ማኅተምም አለው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ መምጣት ይቻላል ብሏል፤ ሁላችሁም ተከትባችሁ ኑ። አንተ በእኔ ብትቆጣ መብትህ ነው፤ እኔም ብሆን እቆጣለሁ። እንዲያው ቁጣህ አልበርድ ብሎ አንተ ብትቀር እንኳ ቡድኑ ይምጣ። ከተማው ምንም አላጠፋም።

እናታችን ወለተ ሐና ጉንጭህን ስማ ሰላም ብላሃለች፤ ዓይኗ ሳይደክም እንድትደርስላት ትለምንሃለች። መሪጌታ አካለ ወልድ ሰላም ይሉሃል፤ ቅኔ ጥለህ ኳስ በመያዝህ ተቀይሜው ነበር፣ ትቼለታለሁ ብለውሃል። ስማቸውና ጓደኞቹ እጅ ይነሡሃል። የባንቺዓለም አባት ከሁመራ ገና አልተመለሰም፤ ስለ ልጁ አልጻፍሁለትም፣ ለእሱም እንዲሁ መጻፍ አለብኝ። ባንቺዓለም ራሷ ሰላም ብላሃለች። ከፎቶግራፍህ በቀር አታውቅህምና ስትመጣ ከመኪናው ወርደህ በስተቀኟ በኩል ቁምላት፤ በግራ ዓይኗ አታይህም።

እኅትህ አገሬ
ቢቸና፣ የካቲት 24 ቀን 1964 ዓ.ም.