የአቶ ተስፋሚካኤል ወልደሰንበት የሕይወት ታሪክ እና ያልተነሳችው ደብዳቤ

አቶ ተስፋሚካኤል ከምድር ባቡር ሠራተኛው ከአቶ ወልደሰንበት ቀናው እና ከወ/ሮ አስካለማርያም መስከረም 9 ቀን 1945 ዓ.ም. አቃቂ በሰቃ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው አቃቂ ተከታትለው በኤሌክትሮኒክስ ሙያ ሠለጠኑ። በ1966 ዓ.ም. በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ በቴክኒሻንነት ተቀጠሩ። የጣቢያውን ስም የማንጠራው አክብረነው አይደለም።

በአደራ የተረከቡት ሊሚተር የሚባል ባለቫልቭ መሣሪያ ነበር። የጋዜጠኛውን ጩኸት ዝቅ፣ ሹክሹክታውን ከፍ አድርጎ ወደ ማሰራጫው ይልካል። ከአብዛኞቹ አለቆቻቸው በዕድሜም በቁም ነገርም ይበልጥ ነበር። መሣሪያው ሲታመም አቶ ተስፋሚካኤል ክዳኑን ከመክፈታቸው በፊት ወንበር ስበው ያዳምጡታል። ሳያዳምጥ መፍቻ የሚያነሣን ሰው ይንቁ ነበር፤ ንቀታቸውንም አልደበቁም። ይህ ጠባይ ዕድገት እንዳላስገኘላቸው መናገር አያስፈልግም።

በ1974 ዓ.ም. ከወ/ሮ ማህሌት ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችውን እድላዊትንና ታናሽ ወንድሟን ጌዲዮንን ወልደዋል።

በ1999 ዓ.ም. እናታቸው ሲያርፉ ፈቃድ ወጡ። በዚያው ሰሞን ጣቢያውን እንግዶች ይጎበኙታል ተባለና ሥራ አስኪያጁ ክፍሉ ቀለም እንዲቀባ አዘዙ። ግድግዳው አልበቃ ብሎ ሊሚተሩም ክሬም ቀለም ተቀባ። ቀቢው የመሬት ሽቦው የሚታሰርበትን ቡሎን ፈትቶ፣ ከሥሩ ያለውን ብረት ቀብቶ፣ ሽቦውን በቀለሙ ላይ መልሶ አሰረው፤ ቀለም ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በማግስቱ የአገሩ ሬዲዮ ሁሉ ያጉረመርም ጀመር። አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሦስት ቀን ቫልቭ ሲቀያይር ሰንብቶ መሣሪያው «በባለሙያው ቸልተኝነት» መበላሸቱን ደረሰበት። እናታቸውን ቀብረው ቤታቸው ለተቀመጡት ሰው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈላቸው።

አቶ ተስፋሚካኤል ጉርምርምታውን መጀመሪያ የሰሙት በጎረቤታችን በአቶ ሀይረዲን ሱቅ ነው። አቶ ሀይረዲን እዚህ ቆመዋል፤ ምስክር ናቸው። አቶ ተስፋሚካኤል የእናታቸውን አርባ እንዳወጡ ሥራ ገቡ። ወንበር ስበው አዳመጡ፤ ቡሎኑን ፈቱ፤ ቀለሙን በሰንጢ ፍቀው መልሰው አጠበቁት። ጉርምርምታው ጠፋ። ሻይ የሚያስጠጣ ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ኮሚቴው ግን ቀለሙን ያዘዙትን ሥራ አስኪያጅ ላለማስቀየም ሲል በቃለ ጉባኤው ላይ መሣሪያው «በራሱ ጊዜ ተሻሽሏል» ብሎ ፈረመ። አምስት የተማሩ ሰዎች ናቸው የፈረሙት።

ማስጠንቀቂያዋ ከማኅደራቸው አልወጣችም። አቶ ተስፋሚካኤል የፋቁትን ቀለም በፖስታ አሽገው አስቀመጡና በየዓመቱ መስከረም ላይ ደብዳቤዋ እንድትነሳላቸው ማመልከቻ አስገቡ። በ2005 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡም በኋላ አላቋረጡም። ከዓመት ዓመት የተሰጣቸው መልስ «እየታየ ነው» የሚል ነበር። ሊሚተሩ በበኩሉ ተነቅሎ ለቁራሊዮ ተሸጠ፤ እስከ መጨረሻው ቀን ግን ድምፁ ንጹሕ ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሆስፒታልና በቤታቸው ሲረዱ ቆይተው ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በ72 ዓመታቸው ዐርፈዋል። በመጨረሻው ሳምንት ልጃቸውን የጠየቁት ስለ መድኃኒት አልነበረም፤ «ደብዳቤዋ ተነሳች ወይ?» ብለው ነበር። «አልተነሳችም አባዬ» ማለት እንዴት እንደሚከብድ እነዚያ አምስት ሰዎች አያውቁትም።

አቶ ተስፋሚካኤል ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች አባትና የሦስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ።

ዛሬ ጠዋት ከመሥሪያ ቤቱ የአበባ ጉንጉን መጥቷል። ሪባኑ ላይ «በሙያቸው እንከን ላልነበረባቸው» ተብሎ ተጽፏል። ቤተሰቡ ጉንጉኑን አልተቀበለም፤ ከበሩ ውጭ ተቀምጧል። ሪባኑን ግን ፈትተን ወስደናል። የአሁኑ ሥራ አስኪያጅ የፈረሙበት ማስረጃ ስለሆነ ከቀለሙ ፖስታ ጋር አያይዘን፣ በሕመማቸው ምክንያት መስከረም ላይ ያልገባውን የዘንድሮውን ማመልከቻ ነገ እናስገባለን።

ያንን የሚያዳምጥ ጆሯቸውን እግዚአብሔር የመላእክትን ምስጋና ያሰማልን፤ ነፍሳቸውንም በደጋጎቹ አባቶች አጠገብ ያኑርልን። አሜን።