ስምንት እስክቆጥር

ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሆነ። ደብረ ታቦር እንደምታውቃት ናት፤ ብርዷ አልለቀቀንም፣ መብራቱም እንደ ልማዱ ይሄዳል ይመጣል። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ለሰው ሁሉ ደህና ነኝ እላለሁ፤ አንተን አልዋሽህም።

ኪቦርድህ በነጠላ እንደተሸፈነ ነው። ሐዘን ቤት ሙዚቃ አይሰማም ብላ እናቴ የቀብርህ ዕለት ሸፈነችው፤ እስከ ሙት ዓመትህ አይገለጥም። አባቴ ሲመጡ ያዩትና ፊታቸውን ያዞራሉ። ትዝ ይልሃል፣ መሪጌታው አባቴ የዜማ መጽሐፋቸውን፣ ድጓቸውን ይዘው መጥተው፣ ከፊደሉ በላይ ያለችውን ቁርጥ የምትባል ምልክት ሲያሳዩህ? ዜማው እዚህ ላይ ይቆረጣል አሉህ። አንተም የዚያን የድሮ የፈረንጅ ሙዚቃ፣ የባሮክህን ኖታ ዘርግተህ የዝምታውን ምልክት አሳየሃቸው። ሁለታችሁ እንዲያ ስትባባሉ ምሳው ቀዘቀዘ፤ እኔም ተቆጣሁ። ምነው አፌን በቆረጠው!

እኔን ስታስተምረኝማ አሳርህን አየህ። አራት ምት ዝም በይ ስትለኝ በሁለተኛው ዘው እላለሁ። ሙዚቃውን የጻፉት ሰዎች ዝምታውን ቆጥረው ነው ያስቀመጡት፣ አትስረቂያቸው እያልህ ትስቅብኝ ነበር። ስሜንም ችኩሏ አልኸው። መብራት ጠፍቶ ኪቦርዱ መሐል ላይ ጸጥ ሲል ደግሞ፣ ይህስ አልተጻፈም ብለህ ጣትህን እንዳስቀመጥህ ትጠብቃለህ። አይ አንተ!

ያን ከሰዓት ሆስፒታል ብቻችንን ነበርን። ትንፋሽህ ይቆምና ደግሞ ይመለሳል። ነርሷ ሳይመለስ ከቆየብሽ ቶሎ ጥሪኝ ብላኝ ወጥታለች። እጅህን ይዤ መቁጠር ጀመርሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ተመለሰ። እንደገና ቆመ። ዛሬስ አልቸኩልም አልሁ። አራት ደረስሁ። ይመለሳል ብዬ ዝም አልሁ። ስምንት ስደርስ ፊትህን አየሁት፤ ያኔ ነው የጮህሁት።

ሐኪሙ ብትጠሪም አይተርፍም ነበር አለኝ። እውነቱን ይሁን ሊያጽናናኝ፣ ምኑን አውቄው። ስንት ዓመት ስትለምነኝ እምቢ ብዬ፣ የዚያን ቀን ብቻ ታዘዝሁህ። ይህን ለእናቴም ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም። ሰዎች ሲያጽናኑኝ የማያውቁትን ነገር ይቅር የሚሉኝ ይመስለኛል። አንጀቴ አርሯል፣ ዓለሜ። ሲነጋ ለምን እንደምነሳ እንኳ አላውቅም።

ሙት ዓመትህ ሲደርስ ነጠላውን አነሳለሁ። መጨረሻ ያስተማርኸኝን፣ አብረን የምንጫወተውን አወጣና የእኔን እጅ ብቻ እጫወታለሁ፤ ያንተን የሚጫወት የለም። ዝምታው ጋ ስደርስ ግን፣ ይቅር በለኝ፣ አልቆጥርም። ነርሷን መጥራት በነበረብኝ ድምፅ ስምህን እጠራለሁ። እስክሞት ስምህ ከአፌ አይለይም።

ችኩሏ ሚስትህ