ከምጽዋ ባሕር እስከ ቀወት ሽምግልና፦ የአቶ ሽፈራው ገብረሚካኤል ሕይወት

አቶ ሽፈራው ከአባታቸው ከአቶ ገብረሚካኤል በላይና ከእናታቸው ከወይዘሮ አልማዝ ብርሃኑ በ1905 ዓ.ም. በቀወት፣ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብላ በምትገኝ የገበሬ መንደር ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በደብሩ ቄስ ዘንድ ሲሆን ዳዊት ሳይደግሙ ሞፈር ያዙ። በ1922 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዘነበች ጋር በተክሊል ተጋቡ። ዓመታት ቢያልፉም ልጅ አልመጣም፤ ሐሜቱም እንደዘመኑ በሚስት ላይ ብቻ አረፈ።

በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን፣ ለአርበኞች ስንቅ ታቀብላላችሁ ብሎ የመንደሩን ወንዶች ሲያፍስ እሳቸውም ተይዘው ምጽዋ ወረዱ። ወደብ ላይ ድንጋይ ሲሸከሙ ቆይተው አንድ የጣሊያን ሐኪም ለራሱ ሥራ ወሰዳቸው። ሐኪሙ የሚመረምረው ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ፣ ቅርፊት ለበስ የባሕር ፍጥረቶችን ነበር። አቶ ሽፈራው በቀጭን መረብ ያጠምዳሉ፤ እንስቱን ከወንዱ ለይተው በማይክሮስኮፕ ያያሉ። የእንስቷ የእንቁላል ዕጢ በጀርባዋ በኩል፣ ከአንጀቷ በላይ ነው። እንቁላሉ እየደለበ በግራና በቀኝ ቱቦ ይወርድና ከጭራዋ ሥር በተንጠለጠሉ ከረጢቶች ይታቀፋል። ወንዱ ዘር የያዘች ከረጢት ካላጣበቀላት ግን እንቁላሉ ሟሙቶ ይቀራል። አንዳንዱ ወንድ የሚያጣብቀው ከረጢት ባዶ ነበር። ይህን ያዩ ዕለት እህል እንዳልቀመሱ በኋላ ለባለቤታቸው ነግረዋቸዋል። ይህ በቀብር ላይ የሚነበብ ነገር ነው ወይ የሚል አይጠፋም፤ ያለዚህ ግን የእሳቸው ታሪክ ጎደሎ ነው።

በ1932 ዓ.ም. ሐኪሙ ወደ አገሩ ሲመለስ አስፈታቸውና ቤታቸው ገቡ። ወይዘሮ አልማዝ እልል ብለው ሳያበቁ ለልጃቸው ሌላ ሙሽራ አጭተው፣ መካኗ ትሂድልን ሲሉ ከክርስቲያኑም ከእስላሙም ሽማግሌ ሰበሰቡ። ወይዘሮ ዘነበች ጓዛቸውን ጠቅልለው ደጅ ተቀመጡ። አቶ ሽፈራው ግን ተነሥተው፣ «ዘር የሌለኝ እኔ እሆናለሁ፤ እሷን ተዉአት» አሉ። እናታቸው በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ከሽማግሌዎቹም የሳቀ ነበር። ሌላ አግባና ይታይ ቢባሉ እንቢ አሉ። በመጨረሻ ጎረቤታቸው ሼህ ሐሚድ፣ «ሰውየው በራሱ ላይ መሰከረ፤ ወላሂ፣ ከዚህ ወዲያ ምን እንሰማለን?» ብለው ጉባኤውን በተኑት።

ከዚያ በኋላ ገበያ ሲወጡ የሚጠቋቆምባቸው አልጠፋም፤ ይህም በጣም ይሰማቸው ነበር። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ በሸዋ ሮቢት የወባ ደም መርማሪ ሆነው አገልግለዋል። በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ጥር 9 ቀን 1978 ዓ.ም. አረፉ።

እዚህ ላይ የልጆች ስም መነበብ ነበረበት። አቶ ሽፈራው ልጅ አልወለዱም። ወይዘሮ ዘነበች ግን፣ «የኔን ስም አንብቡ፤ ሚስቱ ሆኜ ነው የምቀብረው» ብለዋል።

ወይዘሮ ዘነበች።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።