ስለ ቁስቋሟ ጉጉት ጉርድ ፎቶግራፍ

ጎንደር፣ ጥር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ሐብተ ማርያም
የጥንታዊ ግንቦችና የአራዊት መዝገብ ክፍል ሹም

ጉዳዩ፦ ማመልከቻዬ እንዲመለስልኝ ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ጤናዎ፣ ይልቁንም ስለ ዓይንዎ እጠይቃለሁ። በፒያሳው መስኮትዎ አጠገብ ተቀምጠው ሲፈርሙ ፀሐዩ እንዳይጎዳዎ፣ ማንም ሰው ድንገት ፊትዎ ላይ ብርሃን እንዳያበራብዎ፣ ወደ ቤትዎ ሲመለሱም መንገዱ ወለል ብሎ እንዲታይዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ ምናልባት የሚያስታውሱኝ ከሆነ፣ እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የምሠራው የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ዳኛው ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ እንድጀምር ይፍቀዱልኝ። ባለቤቴ እናኑ ባለፈው ክረምት ታምማ በተኛች ጊዜ፣ ከቤታችን በላይ ባለው የቁስቋም ግንብ ፍርስራሽ ውስጥ ጥንድ ጉጉቶች ነበሩ። ሲመሽ ይጮኻሉ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሽታዬ ጉጉት የጮኸበት ቤት ሬሳ ሳይወጣበት አይቀርም ብለው ስለሚያምኑ፣ ድንጋይ ይዘው እየወጡ «ሂድ፣ አፍህን ይዝጋው! ምነው ሌላ ሰፈር አጣህ?» ይሉ ነበር። እናኑ ደግሞ ከአልጋዋ ሆና፣ «ኧረ ይተዉት እትዬ፤ እኔን መች ጠራኝ? ሚስቱን ነው። እሷም ትኮራበታለች፣ ቶሎ አትመልስለትም» ትላቸዋለች። ትስቅም ነበር። ወንዱ ሲጮኽ ሴቲቱ እስክትመልስለት ድረስ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቅ ነበር። ይህን ለመሥሪያ ቤት የምጽፍበትን ምክንያት አላውቅም። ነሐሴ ፲፱ ቀን ዐረፈች።

ከተዝካሯ በኋላ ሰፈሩ ጉጉቶቹ የሚገቡበትን ቀዳዳ በድንጋይ ለመድፈን መከረ። የግንቡ ዘበኛ አያ የሻው በሩ ላይ ቆመው ከለከሉ፤ ግን አንድ ሽማግሌ እስከ መቼ ይቆማል? እኔ አሥራ አንድ ዓመት በወረቀት መካከል የኖርኩ ሰው ነኝና ከማኅተም የበለጠ ጋሻ አላውቅም ነበር። ስለዚህ በጥቅምት ወር፣ ጉጉቶቹ በመንግሥት መዝገብ እንዲገቡና ማንም እንዳይነካቸው ስል ለክቡርነትዎ አመለከትኩ። ጥፋቱ ሁሉ ይኸው ነው፤ የእኔም ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝረው የመሥሪያ ቤትዎን ውለታ ብቻ ነው።

፩ኛ/ ማመልከቻዬ ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መልስ ስላገኘ አመሰግናለሁ። መልሱም «በመዝገብ የሚገባ ሁሉ ፊቱ ወደ ፊት የሆነ፣ ዓይኑ የተገለጠ፣ ጉርድ ፎቶግራፍ ይያያዝለት» የሚል ነበር። ይህ ደንብ ለመንገደኛና ለሠራተኛ የወጣ እንደ ሆነ አውቅ ነበር፤ የጻፍኩት እኔ ነኝና። ያን ጊዜ ልስቅ ወይም ልፈራ ይገባኝ ነበር። «ይሁን» ብዬ ፈረምኩ።

፪ኛ/ ፎቶግራፍ አንሺውን ወልደ ገብርኤልን ካሜራና ፍላሽ አስይዘው ስለ ላኩልን አመሰግናለሁ። የግንቡ ውስጥ ጨለማ ስለ ሆነ ያለ ፍላሽ አይሆንም ተባለ፤ ጉጉቷ ወደ መስኮቱ የምትወጣውም አደን ልትሄድ ስትል ስለ ሆነ ያች ሰዓት ተመረጠች። በማግሥቱ ፎቶግራፉ «ተመዝጋቢዋ ዓይኗን ስለ ጨፈነች ተቀባይነት የለውም» ተብሎ ተመለሰ። በሁለተኛው ፊቷን አዙራለች ተባለ። በሦስተኛው አፏን ከፍታለች። እንዲህ እያልን፣ ከገና በፊት፣ ዘጠኝ ምሽት አነሣናት። መሰላሉን የምይዘው እኔ ነበርኩ።

፫ኛ/ ስለ ተሰጠኝ ትምህርት አመሰግናለሁ። ፍላሹ ዓይኗ ውስጥ የበራባት ጉጉት እንደምናስበው ደንግጣ አትበርም፣ ክቡር ሆይ። ትቀመጣለች። ምንም ስለማይታያት ዝም ብላ ትቀመጣለች፤ የአደን ሰዓቷም እንዲሁ ያልፋል። አያ የሻው ከታች ሆነው፣ «ዳኛው፣ ምነው ይችን ፍጥረት እንዲህ ታሳውሯታላችሁ? ልጆቿ እኮ አልበሉም» አሉኝ። ጫጩቶቹ ሦስት ነበሩ። በአምስተኛው ምሽት ሁለት ሆኑ። በስምንተኛው አንዲት ቀረች። ለወልደ ገብርኤል ነገርኩት፤ ክፉ ሰው አይደለም። የተቃጠለውን አምፖል በመሐረብ ይዞ እየነቀለ፣ «እኔስ ምን ላድርግ ጌታው? ያለ ፍላሽ ባነሣ ጥቁር ወረቀት አመጣህ ብለው ያባርሩኛል» አለኝ። እኔም መሰላሉን ይበልጥ አጥብቄ ያዝኩ።

አራተኛውን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። በዘጠነኛው ምሽት በረረች። ወደ ብርሃኑ ይሁን ከብርሃኑ ለመሸሽ፣ አላውቅም። ግድግዳው መታት። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ከዚያ የበለጠ ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር። ሳማ ውስጥ ወደቀች። አያ የሻው ባዶ እጃቸውን ሳማው ውስጥ ሰደው አወጧትና በጋቢያቸው ጠቀለሏት። ሲነጋ ሞታ አገኘናት።

ፎቶግራፉ ግን ያማረ ነው፤ ለዚህም ደስ ሊልዎ ይገባል። ፊቷ ወደ ፊት ነው፣ ዓይኗም ተገልጧል። ማኅተሙ ክንፏ ላይ አርፏል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ማንም እንዳይነካት በሕግ ተከልክሏል።

፭ኛ/ ባለፈው ሳምንት በደረሰኝ ደብዳቤ፣ ተመዝጋቢዋ በመሞቷ ቁጥሯ ባዶ ሊቀር ስለማይገባው፣ የተረፉት ወንዱና ጫጩቷ በምትኳ ፎቶግራፍ እንዲነሡ መታዘዙን፣ ወልደ ገብርኤልም ለዚሁ ሥራ ዓርብ ጥር ፲፭ ቀን እንደሚመጣ ተረድቻለሁ። ስለዚህ አሳብዎ አላመሰግንም። ቃሉን ፈለግሁት፣ አጣሁት።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። ማመልከቻዬን ይመልሱልኝ። ጉጉቶቹን ከመዝገብ ይፋቁልኝ። አያ የሻው እንደሚሉት ጫጩቷ ለመብረር ሁለት ሳምንት ያህል ይቀራታል፤ አሁን የሚያበላት አባቷ ብቻ ነው፤ እሱ አንድ ምሽት ከታወረ እሷም አለቀላት። ወይዘሮ ሽታዬ ቢወረውሩ ይወርውሩ። የእሳቸው ድንጋይ ከክረምት ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አልመታም፤ የክፍልዎ ብርሃን ግን ስቶ አያውቅም።

ወንዱ አሁንም ሲመሽ ይጮኻል። ጮኾ ዝም ይላል። ትንሽ ይጠብቅና እንደገና ይጮኻል። ያችን የዝምታ ልክ አውቃታለሁ፤ እኔም በቤቴ ውስጥ እናኑን የምጠብቃት እስከዚያች ልክ ነው።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜን፣ ለክፍልዎም ብዙ ያልታወሩ ተመዝጋቢዎችን እየተመኘሁ፣ በፊትዎ ዝቅ ብዬ፣ መሰላል በያዝኩበት እጄ ፈርሜያለሁ።

ዳኛው
የመዝገብ ቤት ጸሐፊ

ግልባጭ፦ ለቁስቋም ሰፈር ነዋሪዎች በሙሉ፤ በግንቡ በር ላይ የሚለጠፍ

ጥር ፳፰ ቀን የተጨመረ፦ ይህ ደብዳቤ የመዝገብ ቁጥር የለውም ተብሎ ሳይከፈት ስለ ተመለሰልኝ ዛሬ እንደገና ልኬዋለሁ። የዓርቡ ቀጠሮ የጉጉቶቹ ፋይል በመጥፋቱ መተላለፉን ክቡርነትዎ ያውቃሉ። ፋይሉን ፈልጌ እንዳመጣ የታዘዝኩት እኔ ነኝ፤ በትጋት እየፈለግሁ ነው። ሰኞ ምሽት ጫጩቷ ከመስኮቱ ወጥታ በረረች፤ አባቷም ተከትሏት ሄደ። ወዴት እንደ ሄዱ አያ የሻውም እኔም አይተናል። ትናንት ወይዘሮ ሽታዬ በራፌ ላይ ቆመው ወደ ግንቡ ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ምነው ልጄ፣ እስካሁን ዝም አለ? ደኅና ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ደኅና ነው አልኳቸው። ወዴት እንደ ሄደ ግን ለእሳቸውም አልነገርኩም።